የሽማግሌ ውል ይበቃል?

ጥያቄ፦ ሐሙሲት ውስጥ ጓሮው ማንጎና ጌሾ የሞላበት ቤት ወደድኩ። ሻጩ በሽማግሌ ፊት ከተፈራረምን ይበቃል ይላል። እውነት ነው?

መልስ፦ አይበቃም። የፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 1723 የቤት ሽያጭ በጽሑፍ ሆኖ በፍርድ ቤት ወይም በውልና ማስረጃ ፊት እንዲደረግ ያዛል። ቀብድ ከመክፈልዎ በፊት ዕዳና እገዳ አለመኖሩን ከማዘጋጃ ቤት ያረጋግጡ። ሻጩ ባለትዳር ከሆነ ሚስቱም ትፈርም።

እኔን ይበልጥ የሚያሳስበኝ ያ ሰፊ ጓሮ ነው። በሜትር ያስለኩትና ካርታው ላይ ካለው ካሬ ጋር ያስተያዩት። ትርፉ የገበሬ ማሳ ከሆነ ገንዘብዎ ቀለጠ ማለት ነው፤ በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 መሬት አይሸጥም፣ አይለወጥም። ነባር ይዞታ ከሆነም በ2004ቱ አዋጅ ቁጥር 721 መሠረት በሽያጭ ሲተላለፍ ወደ ሊዝ ይገባልና ክፍያውን አስቀድመው ይጠይቁ።

ግድግዳውንም በበጋ ይዩት፤ ዋልካ አፈር ሲደርቅ ቤቱን ይሰነጥቃል።