የተራኪ መደብ፦ ከቴሌቪዥን ወደ መጽሐፍ

አንድ ታሪክ ከቴሌቪዥን ወደ መጽሐፍ ሲዛወር ምን ይለወጣል? የሚከተለውን ምሳሌ በጥሞና ተመልከቱ።

«ዶክተር ሁ» የተባለው የእንግሊዝ የሳይንስ ልብ ወለድ ድራማ በቢቢሲ ቴሌቪዥን መታየት የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1963 ነው። ቴሪ ኔሽን፣ ዳሌክ ስለሚባሉ በብረት ሽፋን ውስጥ የሚኖሩ ጨካኝ ፍጡራን ባለ 7 ክፍል ታሪክ ጻፈ። በ1964 ዴቪድ ዊታከር ይህንኑ ታሪክ በመጽሐፍ መልክ አዘጋጀው። በድራማው ኢያንና ባርባራ በአንድ ትምህርት ቤት የሚያስተምሩ መምህራን ናቸው፤ በመጽሐፉ ግን ጉም በሸፈነው ሌሊት፣ የመኪና አደጋ በደረሰበት መንገድ ላይ ይተዋወቃሉ። ስለዚህ መጽሐፉ ራሱን ችሎ ይነበባል።

ከሁሉ የሚበልጠው ለውጥ ግን ተራኪው ራሱ ኢያን መሆኑ ነው። ካሜራ ዳሌኮች ብቻቸውን ወደሚመካከሩበት ክፍል ይገባል፤ «እኔ» የሚል ተራኪ ግን ያላየውንና ያልሰማውን ሊናገር አይችልም። እነዚህን ዓረፍተ ነገሮች አነጻጽሩ፦

ሀ. በሩን ከፈተ፤ እጁም ተንቀጠቀጠ።
ለ. በሩን ከፈትሁ፤ እጄም ተንቀጠቀጠ።
ሐ. በሩን ከፈትሁ፤ በሌላው ክፍል ያሉት ጠላቶቼም በሹክሹክታ ተማከሩ።

በ«ለ» ፍርሃቱ ከውስጥ ይሰማናል። «ሐ» ግን ሰዋስው ባይጎድለውም እምነት ያሳጣል፤ ተራኪው ሹክሹክታውን እንዴት ሰማ? በሌላ በኩል፣ ታሪኩን የሚነግረን እርሱ ስለሆነ ከአደጋው መትረፉን አስቀድመን እንገምታለን። እንግዲህ መደብ ስትመርጡ የምታገኙትንና የምታጡትን መዝኑ።

መልመጃ፦ በሦስተኛ መደብ የተተረከ አንድ ተረት መርጣችሁ በአንደኛ መደብ ጻፉ። ተራኪው ሊያውቅ የማይችለውን ሁሉ አስወግዱ።