የአያቴን ጎራዴ ብመዝስ?

ጥያቄ፦ የምኖረው ሐይቅ ከተማ ነው። በቅርቡ የጎረቤቴ ቤት ሌሊት ተሰብሮ ተዘረፈ። እኔ ቤት የአያቴ ጎራዴ ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል። ሌባ ቢገባብኝ በእሱ ብመታው በሕግ እጠየቃለሁ?
አንባቢዎ፣ ከተሁለደሬ

የሕግ ባለሙያው መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ ስጋትዎ ተገቢ ነው። ወሳኙ ነገር ሌባው መግባቱ ብቻ ሳይሆን በዚያች ቅጽበት ምን ያደርግ እንደነበር ነው። የ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግ አንቀጽ 78 ሕጋዊ መከላከል እንደማያስቀጣ ይደነግጋል። ጥቃቱ ግን ሕገወጥና የማይቀር፣ በሌላ መንገድም ሊመለስ የማይችል መሆን አለበት፤ መከላከሉም ከአደጋው ጋር መመጣጠን ይኖርበታል። ገጀራ ይዞ ወደ መኝታዎ የገፋ ሰው አንድ ነገር ነው፤ በግዎን ጥሎ አጥር የሚዘል ሌላ። ይህን ሁለተኛውን ከኋላው ቢመቱት ከባድ ክስ ይከተልዎታል። ከመጠን ያለፉት በድንጋጤ ከሆነ፣ በአንቀጽ 79 መሠረት ፍርድ ቤቱ ቅጣቱን ሊተውልዎት ይችላል። ያ እፎይታ ግን የሚገኘው ከክስና ከምልልስ በኋላ ነው።

ለነገሩ ጎራዴ ለዚህ አይመችም። በጨለማ፣ በጠባብ ክፍል ረጅም ስለት ምሰሶ ይመታል፤ አፎቱ ውስጥ ከዛገ ቶሎ አይመዘዝም፤ ሌባውም ሊነጥቅዎት ይችላል። ይልቅ በሩን ከውስጥ በብረት መወርወሪያ ያጥብቁ፣ የውጭ መብራት ያብሩ፣ ኡኡ ብለው ጎረቤት ይጥሩ። የተያዘ ሌባ ሳይደበደብ ወዲያው ለፖሊስ ይሰጥ።

ጉዳት ከደረሰ ቦታውን ሳይነካኩ ለፖሊስ ያሳውቁ፤ ቃል ከመስጠትዎ በፊትም ጠበቃ ያማክሩ። ከተከሰሱና አቅም ከሌለዎት፣ ፍርድ ቤቱ ተከላካይ ጠበቃ እንዲመድብልዎት መጠየቅ ይችላሉ።