ስለ ሕፃናት ክትባትና ስለ ወላጆች ሥጋት

ጤነኛ ሆኖ የሚስቀውን ሕፃን ስለ ምን በመርፌ እናስለቅሰዋለን? ይህን ጥያቄ ወላጆች ዘወትር ያቀርቡልናል። ጥያቄው ከፍቅር የመነጨ ስለ ሆነ ሊነቀፍ አይገባውም፤ በሚገባ ሊመለስ ግን ይገባዋል።

በሽታን የሚያመጡ ረቂቃን ተሕዋስያን ወደ ሰውነት በገቡ ጊዜ፥ ሰውነት ጠላቱን እስኪያውቅና መከላከያውን እስኪያዘጋጅ ድረስ ቀናት ያልፋሉ። ኩፍኝ፥ ትክትክና የልጅነት ልምሻ ሕፃኑን የሚጎዱት ይህንኑ ጊዜ አግኝተው ነው። ክትባት ማለት የተዳከመውን ወይም የሞተውን ተሕዋስ፥ አለዚያም ከእርሱ የተወሰደውን ክፍል፥ በጥቂቱ ለሰውነት አስቀድሞ ማስተዋወቅ ነው። ከዚያ በኋላ እውነተኛው በሽታ ቢመጣ ሰውነት ተዘጋጅቶ ይጠብቀዋል። ስለዚህ መርፌው የሚሰጠው ለጤነኛው ልጅ ነው፤ ከታመመ በኋላ ጊዜው አልፏል።

የዚህ ጥበብ ፍሬ በፈንጣጣ ታይቷል። በአገራችን የመጨረሻው የፈንጣጣ በሽተኛ የታየው በነሐሴ ወር 1968 ዓ.ም. ነበር፤ በሚያዝያ ወር 1972 ዓ.ም. ደግሞ በሽታው ከዓለም ጨርሶ መጥፋቱ ታወጀ። ነገር ግን በሽታው ሲርቅ ፍርሃቱም አብሮ ይርቃልና፥ ዛሬ ብዙ ወላጆች የሚያዩት መርፌውን ብቻ ነው።

ከጥቂት ዓመታት በፊት በአንድ ከተማ ስንሠራ፥ አንዲት እናት ልጇን በ6 ሳምንቱ አስከተበች። በዚያው ሌሊት ሕፃኑን አተኮሰው። እናቲቱም «ደህናውን ልጄን አሳመሙብኝ» ብላ በ10 እና በ14 ሳምንቱ የነበረውን ቀጠሮ ተወችው። ከወራት በኋላ ሕፃኑን ትክትክ ያዘው፤ ፊቱ እስኪጠቁር እየሳለ ታቅፋው መጣች። ከብዙ ጭንቅ በኋላ ዳነ። እናቲቱ ግን «ትኩሳት እንደሚመጣ ማን ነገረኝ?» ብላ ጠየቀችን፤ መልስ አልነበረንም። ጥፋቱ የእርስዋ ሳይሆን፥ መርፌውን ሰጥተን ቃሉን የነፈግናት የእኛ ነበር። ስለዚህ ወላጆች አስቀድመው ሊያውቁት የሚገባውን እነሆ እንጽፋለን።

1ኛ፤ ትኩሳት። ከክትባት በኋላ አንድ ወይም ሁለት ቀን ማተኮስ፥ የተወጋውም ስፍራ ጥቂት ማበጥ የተለመደ ነው፤ ሰውነት መከላከያውን በማዘጋጀት ላይ መሆኑን ያመለክታል። ጡት ደጋግሞ ማጥባትና ልብስ ማቅለል ይገባል። በስፍራው ላይ ቅቤም ሆነ ሌላ ነገር አይቀባም። ትኩሳቱ ከ2 ቀን ካለፈ፥ ወይም ሕፃኑን ካንዘፈዘፈው፥ ወይም ትንፋሽ ካጠረው ግን ሳይዘገዩ ወደ ጤና ጣቢያ መውሰድ ነው።

2ኛ፤ ቁስል። ሕፃኑ እንደ ተወለደ በክንዱ ላይ የሚሰጠው የሳንባ ነቀርሳ ክትባት፥ ብዙውን ጊዜ ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ትንሽ እብጠት፥ ቀጥሎም ቁስል ያወጣል። ይህ በራሱ ደርቆ ጠባሳ ይተዋል እንጂ መድኃኒት አያሻውም።

3ኛ፤ የመርፌ ብዛት። በአንድ ቀን 2 ወይም 3 ክትባት መውሰድ የሕፃኑን ሰውነት አያደክምም። በየቀኑ ከአየሩ፥ ከእጁና ከአፉ ከሚያገኛቸው ተሕዋስያን ጋር ሲነጻጸር በክትባቱ ያለው እጅግ ጥቂት ነው።

4ኛ፤ ያለፈ ቀጠሮ። ቀኑ ያለፈበት ሕፃን ካቆመበት ይቀጥላል እንጂ እንደ ገና ከመጀመሪያው አይጀምርም። ስለዚህ ማንም እናት ቁጣ ፈርታ አትቅር። ቀላል ጉንፋንም ቀጠሮ አያስቀርም። የኩፍኝ ክትባት በ9 ወርና በ15 ወር 2 ጊዜ ስለሚሰጥ፥ ሁለተኛው እንዳይዘነጋ መጠንቀቅ ያስፈልጋል።

መምህራን ሆይ፥ ተማሪዎቻችሁ በቤታቸው ታናናሽ ወንድሞችና እኅቶች አሏቸው። የሕፃኑ የክትባት ካርድ የት እንደ ተቀመጠና የሚቀጥለው ቀጠሮ መቼ እንደ ሆነ ጠይቀው እንዲመጡ ብታዟቸው ታላቅ ሥራ ሠራችሁ። በከተማ የምትኖሩ አንባቢያንም ማንበብ ለማትችል ጎረቤታችሁ ካርዱን አንብቡላት። «ዛሬ ማታ ያተኩሰው ይሆናል፤ አትደንግጪ፤ በቀጠሮው ቀን መልሰሽ አምጪው» በሏት። እኛ ለዚያች እናት ሳንነግራት የቀረነው ይህንኑ ነበር።