ስለ እንዶድ፤ ጥቅሙ፣ ጉዳቱና አጠባበቁ

እንዶድ በኢትዮጵያ ደጋና ወይና ደጋ፣ በየአጥሩ፣ በየወንዙ ዳርና በየዱሩ ጫፍ ማንም ሳይዘራው የሚበቅል፣ ሌላውን ዛፍ ተደግፎ የሚወጣ ሐረግ መሰል ተክል ነው። ከባሕር ወለል በላይ ከ1500 እስከ 3000 ሜትር ያለው ከፍታ ይስማማዋል። የአዲስ አበባም አየር ለርሱ የተመቸ ነው። በመገናኛና በጉርድ ሾላ ያለው ሜዳ ቤትና መንገድ ሳይሞላበት እርሻና ግጦሽ በነበረበት ዘመን፣ ሳሙናም እንደ ልብ ሳይገኝ፣ ነጠላና ጋቢ የሚነጣው በእንዶድ ነበር። ዛሬ በዚያው ሰፈር የሚያድግ ልጅ ተክሉን ከአጥር ላይ ቢያየው ስሙን ለይቶ ላይጠራው ይችላል።

የሥነ ዕፅዋት ሊቃውንት ይህን ተክል ፊቶላካ ዶዴካንድራ ይሉታል። ወንዴውና ሴቴው በየብቻቸው የሚበቅሉ ሲሆኑ ፍሬ የምትሰጠው ሴቴዪቱ ብቻ ናት። ስለዚህ ዘሩን የሚዘራ ሰው ከድካሙ እኩሌታ ያህሉን ለወንዴ እንዶድ ያውለዋል። ፍሬዋ መልካም ከሆነች ሴቴ ቅርንጫፍ ቈርጦ የሚተክል ግን ከእናቲቱ ያልተለየ ተክል ያገኛል። ፍሬው በዘለላ ተሰብስቦ ይንጠለጠላል፤ በመጀመሪያ አረንጓዴ ነው፣ ሲበስል ይቀላል። የበሰለውን ወፎች እየበሉ ዘሩን በየስፍራው ይበትኑታል።

በፍሬው ውስጥ ሊቃውንት ሳፖኒን የሚሉት ነገር አለ፤ ይኸውም በውኃ ሲመታ አረፋ የሚያወጣው ነው። ኃይሉ የሚበረታው ፍሬው ፈጽሞ አድጎ ገና አረንጓዴ ሳለ ነው፤ ከቀላ በኋላ ይደክማል። አጣቢዎቹም ይህን ከማንም ሊቅ በፊት ዐውቀው አረንጓዴውን ለቅመው፣ በፀሐይ አድርቀው፣ በሙቀጫ ወቅጠው፣ በቀዝቃዛ ውኃ ይዘፈዝፉት ነበር። በቀዝቃዛ ውኃ መዘፍዘፉም ያለ ምክንያት አይደለም። ፍሬው ተወቅጦ ውኃ ሲነካው በውስጡ ያለ ሌላ ንጥረ ነገር ሳፖኒኑን ወደ ብርቱ ዓይነት ይለውጠዋልና፤ አስቀድሞ የተቀቀለ እንደ ሆነ ግን ይህ ለዋጭ ነገር ስለሚጠፋ ቀንድ አውጣ የሚገድለው ኃይሉ ይቀንሳል።

እንዶድ ከልብስ ሳሙናነት አልፎ በዓለም ሊቃውንት ዘንድ የታወቀበት ነገር በ1964 (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ናቸው) በዐድዋ ተገኘ። ዶክተር አክሊሉ ለማ የተባሉት ኢትዮጵያዊ ሊቅ የቢልሃርዝያን በሽታ የሚያስተላልፉትን የውኃ ቀንድ አውጣዎች ሲመረምሩ፣ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ስፍራ በታች የሞቱ ቀንድ አውጣዎች በብዛት ተንሳፈው አዩ፤ ከዚያ በላይ ባለው ውኃ ግን ቀንድ አውጣዎቹ ደኅና ነበሩ። ከአጣቢዎቹ የእንዶድ አረፋ ተቀብለው በዕቃ ውስጥ ባስቀመጧቸው ሕያዋን ቀንድ አውጣዎች ላይ ቢያፈሱት እነዚያም ሞቱ።

ይህ ነገር ታላቅነቱ እንዲታወቅ የበሽታውን መንገድ ማስተዋል ያስፈልጋል። የቢልሃርዝያ ትል እንቍላሉ ከሰው ዐይነ ምድር ወይም ሽንት ጋራ ወደ ውኃ ይገባል፤ በውኃ ውስጥ ተፈልፍሎ በቀንድ አውጣ ሰውነት ያድጋል፤ ከዚያም እጩ ወጥቶ ውኃ የሚቀዳውን፣ የሚዋኘውን፣ በመስኖ የሚሠራውን ሰው ቆዳ በስቶ ይገባል። ቀንድ አውጣው ከጠፋ መንገዱ ተቈረጠ ማለት ነው። የዶክተር አክሊሉ ባልደረባ ዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ከየአገሩ የተሰበሰበውን እንዶድ እያመሳከሩ ብርቱውን ሲመርጡ፣ ዓይነት 44 የተባለው ከተመሰገኑት አንዱ ሆነ። ከዚህ ዱቄት ከ10 እስከ 20 ግራም በ1000 ሊትር ውኃ ውስጥ ሲገባ ቀንድ አውጣውን በ24 ሰዓት ይገድላል። ከ1969 እስከ 1974 በዐድዋ ከተማ ጅረቶች በተደረገው ፈተና በሽታው ከሕዝቡ ከ63 በመቶ ወደ 33 በመቶ፣ ከ1 እስከ 6 ዓመት ባሉት ሕፃናት ዘንድም ከ50 በመቶ ወደ 7 በመቶ ወረደ። ሁለቱ ሊቃውንት በ1989 ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት በአንድነት ተቀበሉ። ዶክተር አክሊሉ በ1997 ዐረፉ፤ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ያቋቋሙት የፓቶባዮሎጂ ምርምር ተቋምም በስማቸው ይጠራል።

እንግዲህ ይህን የሰማ አንድ ትጉህ ሹም ሕዝቡን ሰብስቦ ወንዙን ሁሉ በእንዶድ ላጥራ ቢል ከልማቱ ጥፋቱ ይበዛል። እንዶድ ቀንድ አውጣውን በሚገድልበት መጠን ዓሣውንም ይገድላል፤ ዓሣ አስጋሪዎች ብርብራን እንደሚያውቁት እንዶድም በውኃ ሲገባ እንዲሁ ነው። የቀንድ አውጣውንም እንቍላል አይገድልም፤ ስለዚህ አንድ ጊዜ ተደርጎ ቢተው እንቍላሉ ተፈልፍሎ ቀድሞ እንደ ነበረው ይሆናል። ኃይሉ በውኃ ውስጥ ከሁለት ቀን ያህል በኋላ መጥፋቱ በአንድ ወገን መልካም ነው፣ መርዙ አይሰነብትምና፤ በሌላ ወገን ግን ሥራው በጊዜው መደጋገም እንዳለበት ያሳያል። ስለዚህ የጤና ባለሙያ ውኃውን ሳይለካና ቀንድ አውጣውን ሳይመረምር የሚጀመር ሥራ አይደለም። የታመመው ሰው መድኃኒት ደግሞ ፕራዚኳንቴል የተባለው ኪኒን ነው፤ እንዶድ የውኃውን ቀንድ አውጣ እንጂ በሰው ደም ውስጥ ያለውን ትል አያድንም።

በባላገር ዘንድ እንዶድ የሚታዘዝባቸው በሽታዎች ብዙ ናቸው። ፍሬው ወይም ሥሩ ለኮሶ ትል፣ ለጨብጥ፣ ለወፍ በሽታና እብድ ውሻ ለነከሰው ይጠጣል፤ ለእከክ ይቀባል፤ አልቅት የያዘው ከብትም ይጠጣዋል። ከነዚህ ውስጥ የሚቀባው ቢያቃጥልም ብዙ ጊዜ ሰውን አይገድልም። የሚጠጣው ግን ብርቱ መርዝ ነው፤ ያስመልሳል፣ ያስቀምጣል፣ መጠኑ ካለፈም ይገድላል፤ በየሰው እጅ የሚለካበት ሚዛንም የለም፤ የአንዱ ቀበሌ እንዶድ ከሌላው ቀበሌ ይበረታልና፣ ትናንት ያልጎዳው መጠን ዛሬ ሊገድል ይችላል።

ሁለቱ ከሁሉ የከፉ ናቸው። አንደኛው ፅንስ ለማስወረድ የሚጠጣው ነው። ሴቲቱ ነገሩን በምስጢር ስለምታደርገው፣ ሕመሙ ሲጸናባት እንኳ ጎረቤት አይጠራም፣ ሐኪም ዘንድም ሳትደርስ ትሞታለች። ሁለተኛው የእብድ ውሻ ነገር ነው። በዚህ በሽታ ምልክቱ ከታየ በኋላ መዳኛ የለም ሊባል ይቻላል፤ የሚያድነው የተነከሰውን ስፍራ ወዲያው በውኃና በሳሙና ለ15 ደቂቃ ማጠብና ሳይዘገዩ ክትባት መውሰድ ነው። እንዶድ ጠጥቶ ቤቱ የሚቀመጥ ሰው ሊድንበት የሚችለውን ቀን ያባክናል። ያገር መድኃኒት ዐዋቂዎችን በቍጣ ማባረር ነገሩን ወደ ጨለማ ይከተዋል እንጂ አያስቀረውም፤ ሹሙ አክብሮ ቢጠራቸውና የተነከሰውን ሰው ራሳቸው ወደ ጤና ጣቢያ እንዲያደርሱት ቃል ቢያስገባቸው የተሻለ ነው፤ ሕዝቡ ከማንም ይልቅ እነርሱን ይሰማልና።

አጥር በሚታደስበትና የወንዝ ዳር በሚመነጠርበት ጊዜ እንዶዱን ከሥሩ መንቀል ልማድ ሆኗል። ባለ ይዞታው ፍሬያማዎቹን ሴቴዎች አስቀድሞ ምልክት አድርጎባቸው ቢተዋቸው፣ ለማዳቀልም ጥቂት ወንዴዎች ቢያስቀር፣ ቍራጮችንም ከዝናብ መግቢያ ቀደም ብሎ በአጥሩ ሥር ቢተክል ለአጥርም ለልብስም ይሆነዋል። ግንዱን ውስጥ ለውስጥ የሚቦረቡር የዝንብ ትል ያለበት ቅርንጫፍ ተቈርጦ መቃጠል አለበት። የሚወቅጠው ሰው አፍንጫውንና አፉን በጨርቅ ይሸፍን፤ ዱቄቱ ክፉኛ ያስነጥሳል፣ ዐይንንም ያቃጥላል። ሙቀጫውና ወንፊቱ እህልና በርበሬ ከሚወቀጥበትና ከሚነፋበት የተለዩ ይሁኑ፤ የደረቀውም ፍሬ ከልጆች እጅ ርቆ፣ እርጥበት በማያገኘው ስፍራ፣ በጨርቅ ከረጢት ይሰቀል።