የድመት እከክ፤ ምልክቱና ሕክምናው

ድመት እህላችንን ከአይጥ የምትጠብቅ፣ ከሕፃናትም ጋራ በአንድ መደብ የምትተኛ የቤት እንስሳ ናት። ስለዚህ የእርስዋ ጤና የቤተ ሰቡ ጉዳይ ነው። ነገር ግን ድመት እከክ ሲይዛት ሁለት ስሕተት ሲፈጸም ይታያል። አንደኛው፣ ለሰው እከክ የታዘዘውን ቅባት ለእርስዋ መቀባት ነው። ሁለተኛው፣ ልጆች ገላቸውን ሲያኩ ጥፋቱን በድመቲቱ ላይ ጥሎ ልጆቹን ሳያሳክሙ መቅረት ነው። የሁለቱም ምንጭ ሁለት ልዩ ልዩ በሽታዎች «እከክ» በሚል አንድ ስም መጠራታቸው ነው።

የቃል አለመለየት የሚያመጣውን ጉዳት ለውጫሌ ሰው ማስረዳት አያሻም። ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. እዚህ የተፈረመው ውል 17ኛው አንቀጹ በአማርኛና በኢጣልያንኛ የተለያየ ትርጉም ስለ ነበረው፣ በ1888 ዓ.ም. ለዐድዋ ጦርነት ምክንያት ሆኗል። በሽታም ሳይለይ ሕክምናው አይቃናም።

የበሽታው ምክንያት

የድመትን እከክ የሚያመጣው ኖቶኤድረስ ካቲ የሚባል፣ ከመዥገርና ከሸረሪት ወገን የሆነ ደቂቅ ተባይ ነው። ቆዳን ሰርስሮ ገብቶ እንቁላሉን ይጥላል፤ በመነካካትም ከድመት ወደ ድመት ይተላለፋል። የሰውን እከክ የሚያመጣው ግን ሳርኮፕተስ የሚባል ሌላ ተባይ ነው።

ምልክቱ

በሽታው በጆሮ ጠርዝ ይጀምርና ወደ ፊት፣ ወደ ዓይን ቆብና ወደ አንገት ይዛመታል፤ ቈይቶም እግርን ይይዛል። ጠጉር ይረግፋል፤ ቆዳው ወፍሮ ይጨማደዳል፤ አመድማ ቅርፊትም ይለብሳል። ድመቲቱ ያለ ዕረፍት ታካለች፤ ካልታከመችም ከስታ ልትሞት ትችላለች። በጆሮዋ ውስጥ የቡና አተላ የመሰለ እድፍ ብቻ ከታየ ሌላ የጆሮ ተባይ ሊሆን ይችላል። ክብ ሆኖ ጠጉሩ የተመለጠ ቦታ ደግሞ ጭርት ሊሆን ይችላል። እርግጡን የሚለየው ቆዳውን ፍቆ በማይክሮስኮፕ የሚመለከተው የእንስሳት ሐኪም ነው።

ሕክምናው

1ኛ፤ የታመመችውን ድመት ከሌሎቹ መለየት።
2ኛ፤ ወደ እንስሳት ሐኪም መውሰድ። ሐኪሙ ክብደትዋን መዝኖ አይቨርሜክቲን በመርፌ፣ ወይም ሴላሜክቲን በቆዳዋ ላይ ጠብ አድርጎ ይሰጣታል። አንድ ጊዜ መታከም ብቻውን ላይበቃ ስለሚችል፣ ዳነች ብሎ ቀጠሮውን ማስቀረት አይገባም።
3ኛ፤ በቤቱ ያሉትን ድመቶች ሁሉ አብሮ ማሳከም።
4ኛ፤ የምትተኛበትን ጨርቅ በፈላ ውሃ አጥቦ ፀሐይ ላይ ማስጣት።

ማስጠንቀቂያ

ፐርሜትሪን የሚባለው ቅባት ለሰው እከክ መልካም መድኃኒት ቢሆንም ለድመት መርዝ ነው፤ ጉበትዋ ሊያስወግደው አይችልምና። የተቀባች ድመት ለሃጭዋ ይዝረከረካል፤ ትንቀጠቀጣለች፤ ልትሞትም ትችላለች። ቤንዚል ቤንዞኤት፣ ለከብት መዥገር የሚረጭ መድኃኒትና የተቃጠለ የመኪና ዘይትም አደገኞች ናቸው፤ ድመት ገላዋን ስለምትልስ የተቀባችውን ትውጠዋለች። በስሕተት የተቀባች እንደ ሆነ ለብ ባለ ውሃና በሳሙና አጥቦ ወዲያው ወደ ሐኪም ማድረስ ይገባል።

በሰው ላይ ሲታይ

የድመት ተባይ ድመት ባቀፈ ሰው ክንድ፣ ደረትና ሆድ ላይ የሚያሳክክ ሽፍታ ሊያወጣ ይችላል፤ ነገር ግን በሰው ቆዳ ስለማይራባ ድመቲቱ ስትድን ይጠፋል። በጣቶች መካከል፣ በእጅ አንጓና በወገብ የሚወጣ፣ ሌሊትም የሚብስ እከክ ግን የሰው ነው። በ2008 ዓ.ም. በድርቁ ጊዜ በአማራ ክልል የተስፋፋው ይኸው ነበር፤ ከ1 ሚሊዮን በላይ ሰው ተመርምሮ ከሦስቱ አንዱ ያህል ታሞ ተገኝቷል። ይህ በሽታ የሚተላለፈው ከሰው ወደ ሰው ስለ ሆነ፣ ድመት ማባረር አያስቀረውም፤ ቤተ ሰቡ በሙሉ በአንድ ጊዜ መታከም ይገባዋል።

እንግዲህ መምህራን ሆይ፣ ተማሪ ገላውን ሲያክ ባያችሁ ጊዜ «ድመት አቅፈህ ነው» ብላችሁ አትለፉት። የጣቶቹን መካከል ተመልከቱ፤ ወላጆቹንም አስጠርታችሁ ወደ ጤና ጣቢያ እንዲወስዱት ምከሩ። ድመቲቱ ወደ እንስሳት ሐኪም፣ ልጁ ወደ ሰው ሐኪም ይሂዱ፤ የአንዱም መድኃኒት ለሌላው አይሰጥ።