የተሸለመ ጋዜጠኛ ያወደሰውን አክሲዮን ከመግዛትዎ በፊት ማወቅ ያለብዎ

ከካዛንቺስ በልማት ተነስተው የካሳ ገንዘብ ይዘው ይሆናል፤ ወይም ቂርቆስ ውስጥ ነግደው ያጠራቀሙት ጥሪት አለዎት። «ተሸላሚው የቢዝነስ ጋዜጠኛ እንኳ መስክሮለታል» እያሉ አክሲዮን የሚያሻሽጡ ሰዎች ሲመጡ ሽልማቱ ልብዎን ሊያሳምነው ይችላል። ሽልማት ግን ጋዜጠኛው ትናንት ለሠራው ሥራ የሚሰጥ ነው፤ ዛሬ ለሚገዙት አክሲዮን ዋስ አይሆንም። ከመፈረምዎ በፊት እነዚህን ይጠይቁ።

1. ሸላሚው ማን ነው?
በፋይናንስ ዘገባ ስመ ጥር የሆነው የአሜሪካው የጄራልድ ሎብ ሽልማት እ.ኤ.አ. በ1957 ሲቋቋም፣ ዓላማው ተራውን ባለ አክሲዮን የሚያሳውቅና የሚጠብቅ ዘገባን ማበረታታት ነበር። መሥራቹ ራሱ አክሲዮን አገበያይ ነበር፤ ሽልማቱን እ.ኤ.አ. ከ1973 ጀምሮ የሚያስተዳድረው ግን ዩኒቨርሲቲ ነው። እዚህም ዳኞቹ እነማን እንደሆኑ፣ ወጪውን ማን እንደሸፈነ ይጠይቁ። ስፖንሰሩ አክሲዮን ሻጩ ከሆነ ሽልማቱን ከማስታወቂያ አይለዩት።

2. የተሸለመው ዘጋቢው ነው ወይስ ድርጅቱ?
የኒውዮርኩ ፎርቹን መጽሔት ኤንሮን የተባለውን የኃይል ኩባንያ ለ6 ተከታታይ ዓመታት የአሜሪካ ቀዳሚ የፈጠራ ኩባንያ ብሎ ሰይሞታል። እ.ኤ.አ. በ2001 መጀመሪያ ደግሞ የዚያው መጽሔት ጋዜጠኛ ቤታኒ ማክሊን ኩባንያው ገንዘብ የሚያገኘው ከምን እንደሆነ ጠየቀች። ኤንሮን በዚያው ዓመት በዲሴምበር ወር ኪሳራ አወጀ። ለባለ አክሲዮኑ የጠቀመው ስያሜው ሳይሆን ጥያቄው ነበር።

3. ዘገባ ነው ወይስ የተከፈለበት ውዳሴ?
ስለ ኪሳራ ሥጋት አንድም ቃል ከሌለው፣ የሚናገሩት የድርጅቱ ኃላፊዎች ብቻ ከሆኑ፣ መጨረሻው ላይ የሽያጭ ስልክ ካለ፣ ማስታወቂያ ነው ብለው ይያዙት። ጋዜጠኛው አበል ተቀብሎ ወይም ራሱ አክሲዮኑን ይዞ እንደሆነም ይጠይቁ።

4. ምክር ሰጪው ፈቃድ አለው?
በካፒታል ገበያ አዋጅ ቁጥር 1248/2013 መሠረት የኢንቨስትመንት ምክርን ሥራው ያደረገ ሰው ከኢትዮጵያ ካፒታል ገበያ ባለሥልጣን ፈቃድ ማውጣት አለበት። ዋንጫ ፈቃድን አይተካም።

5. ደንበኛ ሳቢ መግለጫውን (ፕሮስፔክተሱን) አንብበዋል?
ለሕዝብ የሚቀርብ አክሲዮን በባለሥልጣኑ የጸደቀ መግለጫ ሊኖረው ይገባል። መጽደቁ ሰነዱ መሟላቱን እንጂ ትርፍ መኖሩን አያረጋግጥም። ኢትዮ ቴሌኮም በጥቅምት 2017 ዓ.ም. 100 ሚሊዮን አክሲዮን እያንዳንዱን በ300 ብር ሲያቀርብ ወሬው ከተማውን ሞልቶት ነበር፤ በመጨረሻ የተሸጠው 10.7 ሚሊዮን ገደማ ነው። ከወሬው ይልቅ የሥጋት ዝርዝሩንና የትርፍ ክፍፍሉን ገጽ ይመልከቱ።

6. ገንዘብዎ የት ይገባል?
ድርጅቱ በምሥረታ ላይ ከሆነ፣ ክፍያዎ ወደ ዝግ ሂሳብ መግባቱን ያረጋግጡ። «የአገልግሎት ክፍያ» የሚባለው ምሥረታው ቢከሽፍ ይመለስ እንደሆነ በጽሑፍ ይጠይቁ። ብሔራዊ ባንክ በ2013 ዓ.ም. የባንኮችን ዝቅተኛ ካፒታል ከ500 ሚሊዮን ወደ 5 ቢሊዮን ብር ሲያሳድገው በምሥረታ ላይ ከነበሩት በርካቶቹ መንገድ ላይ ቀርተዋል።

7. ሲቸግርዎ መሸጥ ይችላሉ?
የኢትዮጵያ ሰነደ መዋዕለ ንዋዮች ገበያ ጥር 2 ቀን 2017 ዓ.ም. ሲመረቅ መጀመሪያ የተመዘገበው ወጋገን ባንክ ነበር። ያልተመዘገበ ድርጅት አክሲዮን ከገዙ ገዢ የሚፈልጉት ራስዎ ነዎት።

8. ሰው ካመጡ ጉርሻ አለ ተብለዋል?
እንግዲያው ይተዉት። የፒራሚድ ሽያጭ በአዋጅ ቁጥር 813/2006 የተከለከለ ነው።

ከሁሉም በላይ 5ኛውና 6ኛው በሰነድ ካልተመለሱ አይፈርሙ። ዛሬ ካልገዙ ያመልጥዎታል ቢሉዎትም ሰነዱን ቤትዎ ወስደው ለማንበብ ጊዜ ይጠይቁ። ጊዜ የሚነፍግ ሻጭ መልሱን ሰጥቶዎታል።