ስንት ባርኮድ ያስፈልግዎታል?

በርበሬ፣ ሽሮና ሚጥሚጣ እያዘጋጁ ለሱፐርማርኬት ሊያቀርቡ ነው እንበል። ናሙናው ተወዷል፤ የተጠየቁት ባርኮድ ብቻ ነው። ሊያወጡ ሲሄዱ ደግሞ «ስንት ይሁንልዎ?» ይባላሉ። ይህ በግምት የሚመለስ ጥያቄ አይደለም። ቁጥሩ ምን እንደሚሠራ ከገባዎት መልሱን ራስዎ ወረቀት ላይ ያወጡታል።

መስመሮቹን ለጊዜው ይተዋቸው፤ እነሱ ለማሽን ዓይን የተሠሩ ናቸው። ዋናው ነገር ከሥራቸው የታተመው ባለ 13 አኃዝ የዕቃ መለያ ቁጥር ነው፤ ባለሙያዎቹ ጂቲን ይሉታል። ዋጋም ሆነ የአገልግሎት ማብቂያ ቀን በውስጡ የለም። ካሸሯ ፓኬቱን ስታስነብብ የሱቁ ኮምፒውተር ቁጥሩን ከራሱ መዝገብ ላይ ይፈልጋል፤ ስሙንና ዋጋውን የሚያገኘው እዚያ ነው። በ1974 እ.ኤ.አ. አሜሪካ፣ ኦሃዮ ውስጥ በትሮይ ከተማ አንድ ፓኮ የሪግሊ ማስቲካ በባርኮድ ሲሸጥም አሠራሩ ይኸው ነበር።

እንግዲህ ቁጥሩ የሚሰጠው ለእያንዳንዱ ፓኬት ሳይሆን ለእያንዳንዱ ዓይነት ነው። የ500 ግራም በርበሬ አንድ ሺህ ፓኬት ቢያሽጉ ሺሁም አንድ ቁጥር ይይዛሉ። የ250 ግራሙን ግን ሱቁ በሌላ ዋጋ ይሸጠዋል፣ ለብቻው ይቆጥረዋል፣ ሲያልቅበትም ለብቻው ያዛል፤ ስለዚህ የራሱ ቁጥር ይኑረው። በተጠራጠሩ ቁጥር «ሱቁ ወይም ገዢው ይህን ከዚያኛው መለየት ያስፈልገዋል?» ብለው ይጠይቁ። የዛሬው በርበሬ ከማረቆ፣ የሚቀጥለው ከሀላባ ቢመጣስ? ማሸጊያው ላይ እስካልጻፉት ድረስ ቁጥሩ አይለወጥም፤ ያንን የሚለየው ለየዙሩ የሚታተመው የምርት ቁጥር ነው።

አሁን እንቁጠር። በርበሬ በ250፣ በ500 ግራምና በ1 ኪሎ፦ 3። ነጭ ሽሮና ምጥን ሽሮ፣ እያንዳንዳቸው በ500 ግራምና በ1 ኪሎ፦ 4። ሚጥሚጣ በ100 ግራም ብቻ፦ 1። ድምሩ 8 ሆነ። ለበዓል በርበሬ፣ ሽሮና ሚጥሚጣ በአንድ ሣጥን አድርገው ከሸጡ ሣጥኑ ራሱን የቻለ ዕቃ ነውና 9 ይሆናል። አራቱን ዓይነት በአራቱ ልክ አባዝተው 16 እንዳይሉ፤ የማይሸጡትን አይቁጠሩ።

12 አንድ ዓይነት ፓኬት የያዘው ካርቶንስ? ካርቶኑ ወደ መጋዘን እንጂ ወደ ካሸሯ አይሄድም። ለእሱ ባለ 14 አኃዝ ቁጥር ይዘጋጃል፤ የሚሠራውም ከፓኬቱ ቁጥር ፊት ለምሳሌ 1 ተጨምሮ፣ የመጨረሻው አኃዝ እንደገና ተሰልቶ ነው። ከድርሻዎ ላይ ምንም አይቀንስም።

ድርሻ ያልኩት የሚሰጡዎትን የቁጥሮች ብዛት ነው። ቁጥሮቹን የሚያስተዳድረው ጂኤስ ዋን የተባለው ዓለም አቀፍ ድርጅት በየአገሩ ባሉት አባል ተቋማት በኩል ነው። 9521234543213 የሚለውን እንመልከት፤ በ952 የሚጀምሩት ለማስተማሪያ የተተዉ ናቸው። መጨረሻ ላይ ያለው 3 ማረጋገጫ አኃዝ ነው፤ ከፊቱ ካሉት 12 አኃዞች ተሰልቶ የሚገኝ፣ የንባብ ስሕተት ሲፈጠር የሚያጋልጥ። ከ12ቱ ውስጥ የፊተኞቹ 10 የድርጅትዎ ቁጥር ከሆኑ ለዕቃ የሚቀሩት 2 ቦታዎች ናቸው፤ ከ00 እስከ 99፣ ማለትም 100 ዕቃ። የድርጅቱ ቁጥር 9 አኃዝ ከሆነ 1,000፣ 11 ከሆነ ደግሞ 10 ብቻ ይሆናል። ድርሻው በአሥር፣ በመቶ፣ በሺህ የሚሰጠው ለዚህ ነው።

የእርስዎ 9 ዕቃ በ10 ይበቃል? ዛሬ ይበቃል። ነገር ግን የ500 ግራሙን ፓኬት 450 ግራም ቢያደርጉት አዲስ ቁጥር ያስፈልገዋል፤ የንግድ ስሙን ቢቀይሩም እንዲሁ። አሮጌውን ቁጥር ለሌላ ዕቃ ማዋል ደግሞ ከ2019 እ.ኤ.አ. ወዲህ ክልክል ነው፤ የቀድሞው ዕቃ መረጃ በየሱቁ መዝገብ ውስጥ ስለሚቀር ሁለቱ ይምታታሉ። ስለዚህ መቁጠር ያለብዎት አሁን ያለዎትን ብቻ ሳይሆን በሚቀጥሉት ጥቂት ዓመታት የሚጨምሩትንና የሚለውጡትንም ነው። በእኔ ግምት 9 ይዞ የሚጀምር ሰው 100 ይውሰድ፤ አንድ ሁለት ዕቃ ብቻ ይዞ የመስፋት ሐሳብ የሌለው ግን ለ100 የሚከፍልበት ምክንያት የለውም።

በርካሽ ቁጥር የሚሸጡ ሦስተኛ ወገኖች ቢያጋጥሙዎት ይጠንቀቁ። የድርጅት ቁጥሩ በሌላ ሰው ስም ተመዝግቦ ሊሆን ስለሚችል፣ መዝገቡን የሚያጣራ ሱቅ ዕቃዎን ሊመልሰው ይችላል። ዝርዝርዎን ጨርሰው፣ እያንዳንዱን ዕቃ ከቁጥሩ ጋር በመዝገብ ካሰፈሩ በኋላ ብቻ ማሸጊያውን ለማተሚያ ቤት ይስጡ።